ኮሌታ የሆነው መጥሪያ

ልብስ ሰፊው ሱቁን ሊከፍት ሲወጣ በሩ ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተለጥፎ ጠበቀው። የሟች ሚስቱ ወንድም «ቤቱ የእኔ ነው» ብሎ ከሶታል፤ ተከሳሹ ቀርቦ መልስ ስላልሰጠ በሌለበት ተፈርዶበታል። በመጪው ሐሙስ ቤቱን ይለቃል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰፋበት፣ ጓዳው ውስጥ ከታላቅ እህቱ ጋር የሚኖርበት ቤት ነው። ከአማቱ የገዛበት ውል ሳጥኑ ውስጥ አለ። መከሰሱን የሰማው ግን ያን ጠዋት ነው።

ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ማመልከቻ የሚጽፈው ሰው መዝገቡን አይቶ መጣ።

«መጥሪያ አልደረሰኝም ብለው ይምላሉ፣ ፍርዱ ይነሳል። ግን ጋሼ፣ ተቀብያለሁ ብሎ የፈረመ አለ። ፊርማው ዶሮ የጫረው ይመስላል።»

የእህቱ ፊርማ ነው። ሱቁ ሲመለስ የሸሚዝ ቁልፍ ስትተክል አገኛት።

«እትዬ፣ ከፍርድ ቤት ወረቀት ተቀብለሻል?»

«ወረቀት የማይመጣበት ቀን አለ? ከወረቀቶችህ ጋር አስቀመጥኩልህ።»

«ምን እንደሚል አልጠየቅሽም?»

«ማንበብ የምታውቀው አንተ።»

ወረቀቶቹ ማለት ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ያለው ክምር ነው። ሰፊው ለልኬት ወረቀት ገዝቶ አያውቅም። ጋዜጣም ይሁን ማስታወቂያ፣ ያገኘውን ገልብጦ ባዶው ገጽ ላይ የልብሱን ቅርጽ ይስልና ይቆርጣል። ተንበርክከው ክምሩን በረበሩ። ከአንድ የኮሌታ ልኬት ጀርባ ግማሽ ማኅተምና ግማሽ ስሙ ወጣ።

ኮሌታውን ወስዶ ሲያሳየው ማመልከቻ ጸሐፊው ከመነጽሩ በላይ ቃኘው።

«ሌላ ማን አይቶታል?»

«እህቴ።»

«እንግዲያው እሳት ያሳዩት።»

«በሐሰት አልምልም። የሆነውን ጻፍ።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እርስዎ ሁለቱንም ሆኑ» አለና ጻፈለት። ኮሌታውም ተያይዞ ገባ።

ረቡዕ ከሰዓት ዳኛዋ ኮሌታውን አገላብጠው አዩት። የሚስቱ ወንድም ከኋላ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«ሲቆርጡ ማኅተሙን አላዩም?»

«ፊቱን አላይም። ባዶ ጀርባ ካለው ይበቃኛል።»

«በቂ ምክንያት መሆኑን መርምረን ዓርብ ውሳኔ እንሰጣለን።»

ሰፊው ትከሻው ቀሎት ወጣ። ኮሪደሩ ላይ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ በሯን እየቆለፈች ነበር።

«አባባ፣ ማስለቀቁ ይታገድልኝ ብለዋል?»

«ፍርዱ ይነሳልኝ ብያለሁ።»

«እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ። እግድ ከሌለ ነገ ያስወጡዎታል።»

«አሁን ልጠይቃ።»

«ተዘጋ እኮ። ጠዋት ሁለት ተኩል ይምጡ።»

«እነሱስ ስንት ሰዓት ይመጣሉ?»

ቁልፉን ከበሩ ነቀለች። «ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይጀምራሉ።»

ነገሩን ሲነግራት እህቱ የሸሚዝ ቁልፎቹን ጣሳ ውስጥ መሰብሰብ ጀመረች። እሱ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ የመቁረጫውን ጠረጴዛ ለካ፤ ከዚያ በሩን። አናጢው ጠረጴዛውን የሠራው እዚያው ክፍሉ ውስጥ ነበር። ከበሩ በአራት ጣት ይሰፋል፤ አይወጣም።

«እንዴት ነው?» አለችው።

«መጋዝ የሚያውሰን ሰው አታጪም?»