የጎተራው መሰላል ማረፊያ

ከድሬዳዋ መጥቼ ደብረ ማርቆስ አጠገብ ባለ ዱቄት ፋብሪካ የሥራ ደህንነት ባለሙያ ሆንኩ። የስንዴው ጎተራ ረጅም የብረት መሰላል ማረፊያ አልነበረውም። ሥራ አስኪያጁ መሰላሉን በወጪው ሰው ጀርባ በኩል የከበቡትን የብረት ቀለበቶች እያሳየ፣ «ሰው ቢወድቅስ ይሄ ይይዘው የለም?» ይለኝ ነበር። ቀለበቶቹ ሰው ወደ ኋላ እንዳይገለበጥ ያግዳሉ እንጂ ቁልቁል የሚወርድን አይዙም። ይህን አስረድቼ መሃል ላይ ማረፊያ አስበየድኩ።

ያሳሰቡኝ ጎተራውን የሚቆጣጠሩት አዛውንት ነበሩ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ይወጡበታል።

ማረፊያው እንዳለቀ ተከትያቸው ወጣሁ። ሳያርፉ አለፉት።

«አባቴ፣ አረፍ ይበሉ እንጂ።»

«በሴት ፊት? የጎጃም፣ የቁይ ሰው ሆኜ?»

ጥቂት እርከን እንደወጡ ግን መሰላሉን አቅፈው ቆሙ። እኔም ጾመኛ ስለነበርኩ፣ «ትንሽ ዞረብኝ» ብዬ ማረፊያው ላይ ተቀመጥኩ። መዋሸት አልወድም፤ በእርግጥም ጥቂት ዞሮብኝ ነበር።

ቁልቁል አዩኝ። «በዚህ አቅምሽ ማን ውጪ አለሽ፣ ልጄ?» እያሉ ቀስ ብለው ወርደው አጠገቤ ተቀመጡ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ አረፉ። እኔ ቶሎ ተሽሎኝ ነበር፤ መነሳቱን ግን ለእሳቸው ተውኩት።