ሁለቴ የተጠየቀች ልጅ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ወይዘሮ ዘነበች ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል አስገቡኝና «ቢሮሽ ይኸው» አሉኝ። ምንጣፍ፣ ሁለት አጫጭር ወንበሮች፣ የቀለም እርሳሶች፣ አንድ እጁ የተገነጠለ አሻንጉሊት፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ካሜራ። በቃ። እኔ ሳይኮሎጂ ተመርቄ የወጣሁ ሰው ነኝና ቢያንስ ጠረጴዛ ጠብቄ ነበር።

«ጠረጴዛው የታለ?» አልኳቸው።

«ጠረጴዛ ልጅ ያስፈራል። ቁጭ በይ።»

ቁጭ አልኩ። ጉልበቴ አገጬ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከዚያች ወንበር አልተነሣሁም፤ ወገቤ ምስክሬ ነው።

ሥራዬ ሀዋሳ ውስጥ በአንድ ፍርድ ቤት፣ በሕፃናት ችሎት፣ በዳኛና በልጅ መካከል መቀመጥ ነበር። ለምስክርነት የመጣ ልጅ ችሎት ፊት አይቆምም። ዳኛው፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ጠበቃውና ተከሳሹ በትልቁ አዳራሽ ሆነው እኔንና ልጁን በስክሪን ያዩናል። የዳኛው ጥያቄ በጆሮ ማዳመጫ ይመጣልኛል፤ እኔ ለልጅ በሚገባ አነጋገር እጠይቃለሁ። አማርኛው ለከበዳቸው በእናቴ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ እጠይቃቸዋለሁ።

«አንቺ ቧንቧ ነሽ» አሉኝ ወይዘሮ ዘነበች የዚያኑ ዕለት። «ቧንቧ ከራሱ ውሃ አይጨምርም። የመጣለትንም አያስቀርም።»

ደስ አላለኝም። ያን ሁሉ ዓመት ተምሬ ቧንቧ? ግን አፌን ይዤ ሥራዬን ጀመርኩ።

ማንኛውንም ልጅ ስለ ጉዳዩ ከመጠየቄ በፊት አንድ የማሟሟቂያ ጥያቄ አለችኝ። «የእኔ ውሻ ስሟ ማነው?» እላለሁ። ልጁ ውሻዬን አያውቃትም፤ ስለዚህ «አላውቅም» ማለት አለበት። ለጥያቄው ያህል እንጂ ውሻ እንኳ የለኝም። እኛ አገር ልጅ ግን ታላቅ ሰው ጠይቆት «አላውቅም» አይልም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ለሌለችው ውሻዬ ያልወጣላት ስም የለም። ቡቺ፣ ጃክ፣ መቻል፣ አንዱማ በአክስቱ ስም ጠራት። እየሳቅሁ «አየህ፣ የማታውቀውን አላውቅም ማለት እዚህ ክፍል ውስጥ ጨዋነት ነው» እላለሁ። አንዳንዱ ይገባዋል። አንዳንዱ ሳይገባው «ገባኝ» ይለኛል፤ ለትልቅ ሰው «አልገባኝም» ማለትም ነውር ነዋ።

ከእነዚያ ልጆች አንዷ ጸጋ ናት። ገና አንደኛ ክፍል ነበረች።

ጊዜው የፊቼ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ሰሞን ነው። ከተማው በዓሉ ወደሚከበርበት ሜዳ ወደ ጉዱማሌ ሲጎርፍ የጸጋ አያት አቶ ላሊማም የልጅ ልጃቸውን እጇን ይዘው ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ በእግራቸው ወጡ። አስፋልት ሲሻገሩ ባጃጅ ገጫቸውና ሳይቆም አመለጠ። የሽማግሌው ዳሌ ተሰበረ። ሲገጫቸው አየሁ ያለ ሰው አልተገኘም፤ አጠገባቸው የነበረችው ጸጋ ብቻ ናት።

ጉዳዩን የያዘው ሳጅን ክፉ ሰው አልነበረም። አቶ ላሊማን ሆስፒታል ያደረሳቸው እሱ ነው፤ እንዲህ ያደረጋቸውን ሰው ሳይዝ እንቅልፍ እንደማይወስደው ለሁሉም ሲናገር ነበር። በዚያ መስመር የሚሠሩ ሹፌሮችን ሰብስቦ ጣቢያ ውስጥ አሰለፋቸውና ጸጋን አስመጣት። ጸጋም ብርሃኑ የሚባለውን ጠቆመች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህ ነው።

ብርሃኑ «እኔ በዚያ ሰዓት ጉዱማሌ ሰው እያደረስኩ ነበር» አለ። በፊቼ ቀን ደግሞ ያደረሰውን ባጃጅ ማን ያስታውሳል? ታሰረ፣ ተከሰሰ። ሌላ ማስረጃ አልነበረም። መታሰሩም ሆነ መፈታቱ በዚያች ልጅ አፍ ላይ ተንጠለጠለ።

የምስክርነቱ ቀን ጸጋ ክፍሌ መጣች። ጸጉሯ ተሠርቷል፤ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳለች። ውሻዬን «ቡቺ» አለቻት። አስረዳኋት። «ገባኝ» አለችኝ።

ዳኛው በጆሮዬ ጠየቁ፤ እኔም አቀረብኩላት። «ጸጋ፣ ባጃጁን የሚነዳውን ሰው አይተሽዋል?»

«አላየሁትም» አለች፤ በጣም በቀስታ፣ የቀሚሷን ጠርዝ እየጠቀለለች።

በጆሮዬ የዳኛው ድምፅ መጣ። «ድምጿ አልተሰማንም። ይድገሙላት።»

ደገምኩላት። ያኔ ቀና ብላ ፊቴን አየችው። ያንን አስተያየት በዚህ ሥራ የቆያችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ልጁ መልሱን ከራሱ ውስጥ ትቶ ከእናንተ ፊት መፈለግ ሲጀምር ማለቴ ነው።

«አይቼዋለሁ» አለች። አሁን ድምጿ ጎላ ብሏል።

«ፖሊስ ጣቢያ ያሳየሽው ሰው ነው?» አሉ ዳኛው በእኔ አፍ።

«አዎ።»

ዐቃቤ ሕጉ «የምጨምረው የለኝም» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። የብርሃኑ ነገር እዚያው ሊያልቅ ነው። አልጨምርም ብዬ የገባሁበት ሥራ ነው፤ ግን መጀመሪያ የተመለሰውን መልስ ከእኔ በቀር የሰማው የለም። ዝም ብል ማስቀረቴ ነው። የመነጋገሪያውን ቁልፍ ተጫንኩ።

«የተከበረው ፍርድ ቤት፣ የማመለክተው አለኝ።»

«እርስዎ እንዲጠይቁ እንጂ እንዲመሰክሩ አልተጠሩም» አሉኝ ዳኛው።

«አውቃለሁ ክቡርነትዎ። ልጅቷ መጀመሪያ የመለሰችው ‹አላየሁትም› ብላ ነው። ችሎቱ አልሰማውም እንጂ እኔ ሰምቻለሁ። መልሷ የተለወጠው ጥያቄው ሲደገምላት ነው።»

ዐቃቤ ሕጉ ተቃወመ። ባለሙያዋ ለተከሳሽ እያደላች ነው አለ። እሱም እውነት አለው፤ የእሱ ሥራ የአቶ ላሊማን ስብራት ማሰብ ነው። ዳኛው የሁለታችንንም ሰሙ። ከዚያ «ለምን እንደተለወጠ ይጠይቋት። መሪ ጥያቄ እንዳይሆን» አሉ።

መሪ ጥያቄ ማለት መልሱን በሆዱ ይዞ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ልጅ ከጥያቄው ሆድ መልሱን አውጥቶ መልሶ ይሰጣችኋል። ስለዚህ ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብ አድርጌ «ጸጋዬ፣ መጀመሪያ አንድ መልስ ሰጠሽኝ፣ ቀጥሎ ሌላ መልስ ሰጠሽኝ። ምን ሆነ?» አልኳት።

«ቲቸር ድጋሚ ከጠየቀችን መልሳችን ስህተት ነው ማለት ነው» አለች።

ልቤ ስብር አለ። ልጅቷ አልዋሸችም እኮ። የተማረችውን ነው የሠራችው።

«እኔ ድጋሚ የጠየቅሁሽ ድምፅሽ ስላልተሰማ ነው፤ ስለተሳሳትሽ አይደለም» አልኳት። «ያን ቀን እኔ እዚያ አልነበርኩም፤ ዳኛውም አልነበሩም። የሆነውን ንገሪኝ። የማታውቂውን ተይው።»

ብዙ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለት የዚህ ሥራ ግማሹ ነው፤ ወጣቶቹ የሚቸግራችሁም እሱ ነው።

«አያዬን ነው ያየሁት» አለች በመጨረሻ። «ጫማቸው ወልቆ መንገድ ላይ ነበር። ላነሣላቸው ሄድኩ። ባጃጁ ሲሄድ ኋላውን አየሁ።»

ዳኛው በጆሮዬ «ታዲያ ጣቢያ ውስጥ ያንን ሰው ለምን አሳየች?» አሉ። ድምፃቸው ለስልሶ ነበር። አቀረብኩላት።

«‹የትኛው ነው?› አሉኝ» አለች ጸጋ። «‹አለ ወይ?› አላሉኝም። አያዬ ደግሞ ትልቅ ሰው ሲጠይቅሽ መልሺ ብለውኛል።»

«ከሁሉም እሱን ያሳየሽው ለምንድን ነው?»

«ሌሎቹ መሬት መሬት ነበር የሚያዩት። እሱ ብቻ አየኝና ሳቀልኝ። የሚያውቀኝ መሰለኝ።»

አዳራሹ ውስጥ ብርሃኑ አንገቱን ደፍቶ እንዳለቀሰ ኋላ ነው የነገሩኝ።

ዳኛው ቀጠሮ ሰጥተው ጉዳዩን በሰከነ ልብ መረመሩት። ሳጅኑ ራሱ ተጠርቶ፣ ልጅቷን «ላይኖርም ይችላል» እንዳላላት ሳይሸሽግ ተናገረ። ለዚህ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ። ብርሃኑ በነፃ ተሰናበተ። ገጭቶ ያመለጠው ሹፌር ግን እስካሁን አልተገኘም። ይሄ ያንገበግበኛል። ያላጠፋ ሰው በታሰረበት ጊዜ ሁሉ ትክክለኛውን የሚፈልገው የለም፤ ይህንንም አትርሱ።

ውሳኔው የተነበበ ዕለት ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር። አቶ ላሊማ በክራንች ተደግፈው፣ ጸጋ ከኋላቸው ተሸጉጣ፣ ብርሃኑ ሲወጣ ጠበቁት። እኔ ጠብ ይነሣል ብዬ ልቤ ተንጠልጥሏል።

«ልጄ፣ ያሳሰርኩህ እኔ ነኝ» አሉት ሽማግሌው። «ትልቅ ሲጠይቅሽ መልሺ እያልኩ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እኛ ሲዳማዎች ሀላሌ እንላለን፤ እውነት ማለት ነው። አላውቅም ማለትም ሀላሌ መሆኑን ሳልነግራት ቀረሁ።»

«ኧረ አባባ፣ ምን በወጣዎ» አለ ብርሃኑ። «እኔም በእሷ ዕድሜ ያለች ልጅ አለችኝ። ሰልፉ ፊት ስትቆም ትንቀጠቀጥ ነበር። አይዞሽ ለማለት ነው የሳቅሁላት።»

ይህን ስሰማ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ሰውየው የታሰረው አንዲት የፈራች ልጅ ስላሳዘነችው ነው።

ከዚያ ብርሃኑ ቁጢጥ ብሎ ከሽማግሌው ጀርባ ያለችውን ልጅ አያት። ምን እንደሚላት የጨነቀው ይመስላል። «የእኔ ልጅ ስሟ ማነው?» አላት።

ጸጋ አያቷን አየች። እኔን አየች። ማናችንም አልረዳናትም።

«አላውቅም» አለች።

አቶ ላሊማ በነፃ እጃቸው ራሷን ዳበሷት። ብርሃኑም የልጁን ስም ነገራት።

ቢሮ ስመለስ ወይዘሮ ዘነበች ሁሉን ሰምተዋል። «ቧንቧዬ አፍ አወጣች አሉ» አሉኝ። ከእሳቸው አፍ ምስጋና የሚባል ነገር ሲወጣ ያ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ነበር።

እዚያች አጭር ወንበር ላይ ለምትተኩኝ የምለው ይህ ነው። ልጅን «ማነው?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት «አላውቅም» ማለት እንደሚችል አሳዩት። ጥያቄ ከደገማችሁ ለምን እንደደገማችሁ ንገሩት። መጀመሪያ የመለሰውንም፣ ድምፁ ቢያንስም፣ አድርሱለት።