የቄስ ሞገስ ስልክ

ሥራ የጀመርኩት ደብረ ማርቆስ፣ ጋሽ አንተነህ የሞባይል ጥገና ቤት ነው። የመጀመሪያው ቀን የመበየጃ ካውያም ብሎን መፍቻም አላስነኩኝም። ደንበኛው ስልኩን ሲያቀብል ፊቱን እንድመለከት ብቻ አዘዙኝ። ሱቁን ሊዘጉ ሲሉ "ምን አየህ?" አሉኝ። "ሁሉም ከወጡ በኋላ ዞር ብለው ስልካቸውን ያያሉ" አልኳቸው። "ይበቃሃል፤ ነገ ብሎን ትፈታለህ" አሉኝ።

በኋላ ሉማሜ ላይ የራሴን ሱቅ ስከፍት፣ ከደንበኞቼ ሁሉ አብልጬ የምወዳቸው ቄስ ሞገስ ነበሩ። ሸምገል ያሉ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ናቸው። የንስሐ ልጆቻቸው ከሩቅም ከቅርብም እየደወሉ የልባቸውን ያዋዩአቸዋል። አንድ ቀን "የሚነግሩኝን እየረሳሁ ተቸገርኩ" ቢሉኝ፣ ስልኩ ጥሪውን ሁሉ በራሱ እንዲቀዳ አደረግኩላቸው። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸውም መረቁኝ።

ከወራት በኋላ ስልኩ ድምፅ አልሰጥ አለ። በገበያ ቀን አምጥተው ሰጡኝና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ድምፅ ማጉያውን ቀየርኩ፤ እንደ ልማዴም ለመፈተሽ መጀመሪያ ያገኘሁትን ድምፅ ከፈትኩ። አምስት ሰው ቆሞ ተራ ይጠብቃል።

"አባ፣ ከባለቤቴ ደብቄው የኖርኩት ነገር አለ..."

ወዲያው አጠፋሁት። ድምፁን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት ያላት ጥሩዬ ናት። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሌላው ስለ ጤፍ ማውራት ጀመረ።

ቄስ ሞገስ ሲመለሱ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

"የሰው ምስጢር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም" አሉ። "ለካ ኪሴ ሲያዳምጥ ኖሯል። ተነሥ፣ ጥሩዬ ዘንድ እንሂድ። ከእኛ ትስማው።"

ጥሩዬ እጇን በሽርጧ እየጠረገች አዳመጠችን።

"ምን ያህል ተሰማ?"

"አንድ ዐረፍተ ነገር" አልኳት።

"እኔ የነገርኩት ለአባ እንጂ ለሉማሜ አይደለም፣ በላይነህ።"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሻይ ቤቷን ዘጋችና፣ ወሬው ሳይቀድማት ራሷ ለባሏ ልትነግረው ወደ ቤቷ ሄደች።

ቅጂዎቹን አንዱንም ሳልከፍት ቄሱ ፊት አጠፋኋቸው፤ መቅጃውንም ዘጋሁት።

"ከረሱስ፣ አባ?" አልኳቸው።

"ደግመው ይነግሩኛላ" አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ጥሩዬና ባሏ ዛሬም አብረው ናቸው። ነገሩ ምን እንደነበር አላውቅም፤ አልጠየቅኩም። ሻይ ልጠጣ ስገባ እንደ ድሮው ትቀልድብኛለች። ስልኳ ሲበላሽ ግን ደብረ ማርቆስ ድረስ ወስዳ ነው የምታሠራው። ትንሽ ያመኛል፤ አልፈርድባትም።

አሁን ድምፅ ማጉያ የምፈትሸው የራሴን ድምፅ ቀድቼ ነው፤ አጫውቼ ወዲያው አጠፋዋለሁ። በጥገና ሥራ ላይ ላላችሁ የምለው ይህን ነው፦ የተቀዳ ጥሪ ሁለት ባለቤት አለው። እኔ ያስፈቀድኩት አንዱን ብቻ ነበር።