አባቴ ያልሰገዱበት ስቅለት

አባቴ ቄስም ገበሬም ናቸው። ከዓመታት በፊት የወይራ ጉቶ ሲፈልጡ ስንጣሪ ዘሎ ግራ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ቁስሉ ቢድንም ብሌናቸው ነጭ ሆኖ ቀረ፤ በዚያ ዓይን ብርሃንና ጨለማን ከመለየት በቀር ምንም አያዩም ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ላሊበላ ከተመለስኩ በኋላ በዐቢይ ጾም መካከል ጎንደር ወስጄ አሳከምኳቸው። የተበላሸው ሌንስ ወጥቶ ምስር የምታህል ሰው ሠራሽ ሌንስ ተተካላቸው። ሌንሱን የሚይዘው ስስ ከረጢት በአደጋው ተቀዶ ስለነበር አዲሷ በቀጭን ክር ተሰፍታ ነው የቆመችው። ሐኪሟ ደጋግማ አስጠነቀቀቻቸው።

"አባ፣ እኔ እስክፈቅድልዎ እንዳያጎነብሱ። ሌንሷ ቦታዋን ከለቀቀች እንደገና መክፈት ሊኖርብን ነው። ያኔ ዓይኑ ይቻለው አይቻለው እንጃ።"

ቤት ስንገባ ቃሏን አከበሩ። ጫማቸውን እናቴ ታስርላቸዋለች፤ መቋሚያቸው ሲወድቅ እኔን ይጠራሉ። ሰሙነ ሕማማት ሲቃረብ ግን ስለ ስግደቱ ማውራት ጀመሩ።

"አያጎንብሱ ተብለዋል እኮ፣ አባዬ።"

"የሰፋችው ዓይኔን ነው፤ ጉልበቴን አልሰፋችው።"

"ስግደት ማጎንበስ አይደለም?"

"ጫማ ለማሰር ማጎንበስና ለፈጣሪ መስገድ አንድ ነው? ይኼን ነው የተማርሽው?"

እናቴ እግራቸው ሥር ተቀምጣ ጫማቸውን እየፈታች ሳቀች። "እንጨት ሲፈለጥ የሐኪሟ ቃል ይጠቀሳል፤ ለስግደት ሲሆን ይረሳል።"

እኔ አልሳቅሁም። ዓይኔን ስጨፍን የምትታየኝ ያቺ ክር ነበረች።

አባቴን ሊያዝዝ የሚችል አንድ ሰው ነበር፤ የንስሐ አባታችን። በሰሙነ ሕማማት ግን ፍትሐት የለም፤ መስቀል አይሳለሙም፤ ሰላምታ እንኳ አይለዋወጡም። የሆሳዕና እሑድ ካለፈ ወሬው ሁሉ ከንቱ ነው። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል። በሆሳዕና ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ዘንባባውን ይዞ ሲወጣ ወደ ንስሐ አባታችን ቀረብ እልና እመለሳለሁ፤ ነጠላዬን አስተካክዬ ደግሞ እቀርባለሁ። በመጨረሻ ራሳቸው ጠሩኝ።

"ምነው ልጄ፣ ስትዞሪኝ ዋልሽ?"

"ይፍቱኝ፣ አባ።" የአባቴን ዓይንና የሐኪሟን ቃል ነገርኳቸው።

"ጮክ በይ፤ ጆሮዬ ደክሟል።"

ጮክ ብዬ ደገምኩት። ዲያቆናቱ ዞረው አዩኝ፤ ፊቴ ጋለ።

"ራሱ ለምን አልነገረኝም?"

"ስግደት አይጎዳም ብለው ነው።"

ሽማግሌው መስቀላቸውን አገላበጡ። "ሐኪሟ እስክትፈቅድ ከልክዬዋለሁ በይው። ሌላው ሲሰግድ እሱ ቆሞ ኪርያላይሶኑን ይምራልን። ድምፁን መቼም አልሰፉትም!"

ለአባቴ ስነግራቸው "እሺ" ብቻ አሉ። ሰኞ ጠዋት ምንም ሳይሉኝ አልፈውኝ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ሰላምታ የማይሰጥበት ሳምንት ስለሆነ ይሁን ተቀይመውኝ፣ ማወቅ አልቻልኩም። ቀኑን ሙሉ ከሴቶቹ ጋር ሆኜ ድምፃቸውን እፈልጋለሁ። ድምፃቸው ሲሰማኝ ቆመዋል ማለት ነው፤ ዝም ሲሉ ጆሮዬን አቀናለሁ። ሳምንቱ እንዲሁ አለፈ።

ዓርብ ስቅለት ቅጥሩ ሞልቶ ስለነበር ካህናቱም ውጭ ወጡ። ሁሉም ሲወድቅ አብሬ እወድቃለሁ፤ ግንባሬ መሬት ሳይነካ ቀና ብዬ አያለሁ። አባቴ የዓለቱን ግድግዳ ተደግፈው ብቻቸውን ቆመዋል። ድንገት በመዳፋቸው ፊታቸውን ያዙ። አመማቸው ብዬ ብድግ አልኩ። እጃቸው ቀኝ ዓይናቸውን ነው የሸፈነው፤ ጤነኛውን። በዚያው ፊታቸውን ወደ እኛ መልሰው ቆዩ፤ ድምፃቸው አልተቋረጠም። እኔም ቆሜ ቀረሁ።

ማታ ጉልባኑን ስንቀማምስ፣ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ።

"ከሴቶቹ ሁሉ አንዲት ብቻ ቆማ አየሁ። ቀኙን ሸፍኜ ባያትም ያው ናት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች።"

ነጠላዬን ከአፌ አወረድኩ።

"እኔን አስከለከልሽኝ፤ አንቺንስ ማን ከለከለሽ?"

እናቴ ሳቀች።

"በይ ተነሺ፤ የኔንም ደርበሽ ስገጂ" አሉኝ።

ተነስቼ ሰገድኩ። ቀና ባልኩ ቁጥር፣ ቀኝ ዓይናቸውን ሸፍነው እያዩኝ ነበር።