ገመድ ያዢዋ እና የውሃ መተንፈሻው

ሰፈሩ ባሏን «ዓሣው»፣ እሷን ደግሞ «ገመድ ያዢዋ» ይላቸዋል። ስሙ ለቀልድ የወጣ ነው፤ ሥራቸው ግን ቀልድ አያውቅም። ከተማው የሚጠጣው ውሃ በሚጠራቀምበት ግድብ ሥር ቅጠልና ላስቲክ የሚያስቀር የብረት ወንፊት አለ። ወንፊቱ ሲደፈን ባል ይጠልቃል። ሚስት ከላይ ሆና በቱቦ አየር የሚልክለትን ሞተር ትጠብቃለች፤ ወገቡ ላይ የታሰረውንም ገመድ ትይዛለች። ገመዱ አንዴ ከተሳበ ደህና ነኝ ማለት ነው፤ ደጋግሞ ከተሳበ አውጪኝ። እሷ ዋና አትችልም። ጥልቅ ውሃ ስታይ ወደ ኋላ ትሸሻለች። ቢሆንም ባሏን ለሌላ ሰው እጅ መስጠት አልሆነላትም።

አንድ ቅዳሜ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ስልክና የስልክ ኮተት ሻጩ፣ አዲስ ዕቃ ይዞ ከተፍ አለ። በጥርስ የሚነከስ፣ ግራና ቀኝ እንደ ብስክሌት መሪ ክንድ ያወጣ ጥቁር ፕላስቲክ ነው።

«ሞተር የለ፣ ቱቦ የለ!» አለ። «አየሩን ከውሃው ውስጥ መጥጦ ያወጣል። ልክ እንደ ዓሣ መተንፈስ ነው።»

«አንተ ጠልቀህ ሞክረኸዋል?» አለችው።

«እኔማ ዋና የት እችላለሁ፣ እትዬ? ቪዲዮውን ግን አይቼዋለሁ።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!»

ባሏ ሳቀ፤ ዓይኑ ግን ከዕቃው ላይ አልተነቀለም። ቱቦው ብረት ላይ እየተጠላለፈ ስንቴ እንዳስመረረው ታውቃለች። ወንድሙ እንደሄደ፣ «ሰኞ በዚህ ነው የምወርደው» አለ። «ቱቦም ገመድም ይቅርብኝ።»

ክው አለች። «ገመዱ ደግሞ ምን አደረገህ?»

«ይጠላለፋላ! አንቺ ደግሞ ስትፈጠሪም ፈሪ ነሽ።»

አዎ፣ ፈሪ ናት፤ ማን ካደ? ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አኮረፈችው፤ እሱ ወይ ፍንክች። ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር ያ ውሃ ድቅን ይልባታል፤ ገመድ የሌለበት፣ ባሏን የት ጋ እንደያዘው የማይናገር ውሃ። ታች ሆኖ ቢጮህ ማን ይሰማዋል?

እሑድ ከሰዓት ፕላስቲኩን አንሥታ ጓሮ ወዳለው የውሃ በርሜል ሄደችና ጠራችው።

«እኔ ልሞክረው። ደህና ከሆንኩ በርሜሉን እመታለሁ። አንተ ከላይ ቁም።»

«አብደሻል እንዴ? አንቺ ፊትሽን ለመታጠብ የምትፈሪዋ!»

ዕቃውን ነከሰችና በርሜሉ ውስጥ እስከ አናቷ ጠለቀች። የመጀመሪያው ትንፋሽ መጣ። እውነት ነው እንዴ? አለች በሆዷ፤ በርሜሉንም መታች። በሁለተኛው የመጣው ውሃ ነው። ለካ ያቺ ትንፋሽ ፕላስቲኩ ውስጥ የቀረች አየር ኖራለች። ጉሮሮዋ ተዘጋ፤ ጆሮዋ ጮኸ። ብድግ ብላ ልትወጣ ቃጣት፤ በግድ ራሷን ያዘች። ይህን ዝምታ እሱም ይስማው ብላ፣ ሳትመታ ሳትወጣ የበርሜሉን ጠርዝ ጨበጠች። ሞት ይህን ያህል ቅርብ መሆኑን አታውቅም ነበር።

ከላይ ስሟን ሲጠራ ሰማች፤ ቀጥሎም ጩኸት። ከዚያ ትከሻዋን ይዞ መንጭቆ አወጣት።

አሳላት፣ አስመለሳት። ዓይኗን ስትገልጥ ባሏ እርጥቡ መሬት ላይ ዘፍ ብሏል። ያ ጨለማ ውሃ ውስጥ እንደ ቤቱ የሚገባው ሰው አገጩ ይንቀጠቀጣል።

«ለምን አልመታሽም? የሞትሽ መሰለኝ እኮ! ምን እንደሆንሽ አላይ፣ አልሰማ…»

እጁን ያዘችው፤ በረዶ ሆኗል። በኋላ ቀና ብሎ አያት።

«እኔ በወረድኩ ቁጥር እንዲህ ነው የምትሆኚው?»

«ሁሌም» አለችው፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ።