አመድ የነካው ኩባያ

የእኔ ተራ ቀን ማለት ሁለት ጀሪካን ውሃ መሸከም፣ አንድ ሕፃን ማዘልና ከባለቤቴ ከይኸነው ጋር ስለ አንዲት ማሳ መከራከር ነው። እኔ ገብስ ይዘራባት እላለሁ፤ እሱ እንደ ጎረቤቶቻችን ለከሰል የሚሆን የዲከረንስ ዛፍ ይተከልባት ይላል። "አፈሩ አሲድ ሆኗል፤ ገብስ አይሆንለትም" ነው ምክንያቱ።

በኬሚስትሪ ከክፍሌ አንደኛ ነበርኩና ዝም አልልም። ከአስተማሪ ጓደኛዬ ሰማያዊና ቀይ ሊትመስ ወረቀት ለመንኩ። ሰማያዊው በአሲድ ይቀላል፤ ቀዩ በቤዝ ሰማያዊ ይሆናል። አፈሩን በኩባያ በጥብጬ ቀዩን ነከርኩት፤ ሰማያዊ ሆነ!

"አየህ? አሲድ የለም!" ብዬ እልል አልኩ። ልዩነቱን ላሳየው ብዬ በሌላ ኩባያ ንጹሕ ውሃ ቀዳሁ። እዚያም ቀዩ ሰማያዊ ሆነ።

"ምነው የምሥራች፣ ውሃውም ኖራ ተነስንሶበታል እንዴ?" አለኝ ይኸነው በስሜ ጠርቶ። "ኩባያዎቹን በምን አጠብሻቸው?"

በአመድ ነዋ! ፈትጌ ፈትጌ፣ በደንብ ሳላለቀልቅ። አመድ ቤዝ መሆኑን እኮ በፈተና ላይ ጽፌዋለሁ፤ ማን እንደረሳው አልነግራችሁም። በንጹሕ ብርጭቆ ስደግመው ሰማያዊው ወረቀት ቀላ። አፈራችን አሲድ ነው።

ይኸነው አሁን ችግኝ ሊያመጣ ነው። እኔ ግን ኖራ አሲዱን ቀንሶ አፈሩን እንደሚያክመው አምናለሁ። በእኛው በዘንገና አካባቢ በኖራ ታክሞ ገብስ ያበቀለ ማሳ ያላችሁ፣ እባካችሁ፣ ችግኙ ሳይተከል ይኸነውን ይዤው ልምጣና አሳዩት። እኔ ብነግረው ከእንግዲህ አያምነኝም።