ፕላስቲክ ያለበስነው ካርታ

የግቢያችን በር በሰደፍ ሲደበደብ እናቴን ቁርስ እያበላሁ ነበር። ወልድያ በታጣቂዎቹ እጅ ከገባች ሰንብታለች። እናቴ እግሯ አይታዘዝላትም፤ ሰው ሁሉ ሲሸሽ እኛ የቀረነው ለዚያ ነው። የምንኖረው ከምሠራበት የቤት ዕቃ ማምረቻ ጓሮ፣ አሠሪዬ በሰጡኝ አንድ ክፍል ውስጥ ነበር። አሠሪዬን ሰው ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው። ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን ውርጌሳ ዘመድ ቤት ልከው፣ እሳቸው ንብረታቸውን ሊጠብቁ ቀርተዋል።

በሩን ሐጂ ከፈቱ። የታጠቁ ወጣቶች ገቡ፤ ከኋላቸው አለቃቸው ተከተለ። ሳል የያዘው፣ ትከሻው ላይ ፎጣ ጣል ያደረገ ሰው ነው።

"ፕላስቲክ የሚያለብሰው ማሽን እዚህ ነው አሉን" አለ።

"ነው። ግን መብራት ከጠፋ ቆይቷል ልጄ፤ አይሠራም" አሉት ሐጂ።

"ጄኔሬተር ይዘናል።"

ከጃኬቱ ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ካርታ አወጣ። እጥፋቱ ተበልቷል፤ ጠርዙ በዝናብ ርሶ ላልቷል። "ጣውላ ላይ ለጥፋችሁ በላዩ የሚያሳይ ፕላስቲክ አልብሱልኝ። የጻፍኩበት ሲጠረግ የሚጠፋ መሆን አለበት" አለ። ከዚያ እኔንና ሐጂን እያፈራረቀ አየን። "ማነው የሚሠራው?"

"እኔ ነኝ" አሉ ሐጂ ፈጠን ብለው። ማሽኑን ነክተውት አያውቁም። ሊሸፍኑኝ እንደፈለጉ ገባኝ፤ ግን ካርታው በእጃቸው ቢቃጠል የሚሆነውን አሰብኩ።

"የምሠራው እኔ ነኝ" አልኩ።

ማሽኑ ለቁምሳጥንና ለኩሽና በር ነው የተሠራው። ጣውላው ሙጫ ይረጭበትና ጠረጴዛው ላይ ይጋደማል፤ ፕላስቲኩ ከላዩ ይዘረጋል። ክዳኑ ሲወርድ ሙቀቱ ፕላስቲኩን ያላላዋል፤ ፓምፑ አየሩን ከሥር ሲመጠው ደግሞ ጣውላው ላይ ጭምቅ ብሎ ይጣበቃል። ሙቀት ከበዛ ይጨማደዳል፣ ካነሰ ጠርዙ ይላቀቃል። ይህን ሥራ ለዓመታት ስሠራ ብዙ በር አበላሽቻለሁ። አንድ በር ቢበላሽ ሌላ ይቆረጣል። ካርታው ግን አንድ ነው።

ለሆቴል ጠረጴዛ ገዝተነው የተረፈ የሚያሳይ ፕላስቲክ ነበረን። ሙጫውን ረጨሁ፤ ካርታውን ጣውላው ላይ ዘረጋሁና ከመሃል ወደ ዳር በደረቅ ጨርቅ ማበስ ጀመርኩ። ካርታውን ላለማየት ብዙ ጣርኩ። ማየት በራሱ የሚያስገድል መሰለኝ። ግን ሳያዩ ማበስ አይቻልም። ጨርቁ ወደ ታች ሲወርድ ውርጌሳ በቀይ ተከባ አየኋት። ከመርሳ በኩል አንድ ቀስት ተስቦባታል፤ በጎን ሌላ።

እጄ ቆመ።

"ምን አየሽ?" አለ አለቃው ከጀርባዬ።

"አየር ገብቶበት ነው" አልኩና ምንም በሌለበት ቦታ ደጋግሜ አበስኩ።

ጄኔሬተሩ ስላልቻለ ማሞቂያዎቹን በከፊል ብቻ አበራሁ። ክዳኑን አወረድኩት። የጋለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። ሐጂ ጥግ ይዘው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ላይ ናቸው። አለቃው በጣቱ ክዳኑን ይመታል። ፓምፑን ከፈትኩ። ድምፁ ከፍ ሲል የልቤ ምት ከሱ ጋር ተደባለቀብኝ፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚጮህ አላውቅም።

ክዳኑን ሳነሳ ካርታው ከመስታወት ሥር ያለ መስሎ ወጣ። አለቃው በእስክሪብቶ አንድ መስመር ጫረበትና በምራቁ ጠረገው። ጠፋ። ሳቀ። "ጎበዝ ነሽ" አለኝ። ከስድብ ይልቅ ይህ አስፈራኝ፤ ጎበዝ ከሆንኩ ተመልሰው ይመጣሉ።

የመኪናቸው ድምፅ ሲርቅ ሐጂን እጃቸውን ያዝኳቸው።

"ሐጂ፣ ውርጌሳን ሊገቡባት ነው።"

"ማን ነገረሽ?"

"ካርታው ላይ አየሁ። በቀይ ተከባለች።"

ጣውላ ክምሩ ላይ ተቀመጡ። ስልክ የለም፤ መኪና የለም። "ውርጌሳ ይሻላችኋል ብዬ የላክኋቸው እኔ ነኝ" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ቀና አሉ። "ነገ ሱብሒ ሰግጄ እወጣለሁ።"

"ቢይዙዎትስ? መንገዱ ሁሉ እነሱ ናቸው!"

"የሀብሩ ልጅ ነኝ፤ አቋራጩን አውቀዋለሁ፣ አስፋልቱን አልረግጥም። ከጠየቁሽ መርሳ ለቅሶ ሄደዋል በይ።"

ይቅሩ ማለት ፈልጌ ነበር። እኔንና እናቴን ብቻችንን ጥለውን እንዳይሄዱ ፈልጌ ነበር። ጠዋት ስነሳ ክፍላቸው ባዶ ነው።

የፈራሁት አልቀረም፤ በማግስቱ አለቃው ጣውላውን አሸክሞ መጣ። አንድ ጥጉ ተላቅቋል።

"ሽማግሌውስ?"

"መርሳ ለቅሶ ሄደዋል።"

"ማን ሞቶበት?"

"እህታቸው።"

"ስልክ በሌለበት በምን ሰማ?"

ዓይኑን ከፊቴ አላነሳም። ያኔ ከጓሮ የእናቴ ድምፅ ተሰማ።

"ከመርሳ ሸሽታ የመጣች ሴት ናት መርዶውን የነገረቻቸው! እኔ ነኝ ወደዚህ ጠርቼ ውኃ ያጠጣኋት!"

አለቃው ወደ ክፍሏ ሄዶ በሩ ላይ ቆመ። "ሴትዮዋ የት አለች?"

"ወደ ሐራ አለፈች፣ ልጄ። ዘመድ አለኝ ብላ። አንተም እናት ይኖርህ የለ፣ እህቱ የሞተችበት ሰው ዝም ብሎ ይቀራል?"

እናቴ እንዲህ አስተካክላ ስትዋሽ ሰምቻት አላውቅም። ሰውየው ሳለ፤ ረጅም ሳል። ተመለሰና "ጥጉን ስሪው" አለኝ።

ጄኔሬተር አልያዙም። የከሰል ካውያ አግዬ፣ በፕላስቲኩ ላይ ጨርቅ አድርጌ ጥጉን በክብደቴ ተጫንኩት። ጣቴ ተቃጠለ፤ የታወቀኝ ከሄዱ በኋላ ነው። በሩ ሲዘጋ እናቴ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ከደቡብ በኩል መምጣት ጀመረ። እያንዳንዱ ሲፈነዳ እናቴ ታየኛለች፣ እኔም አያታለሁ፤ የሐጂን ስም ግን አናነሳም። ብናነሳቸው የሚሞቱ መስሎን ነው።

ታጣቂዎቹ ለቀው መንገድ ሲከፈት ሐጂ ከነቤተሰባቸው በአይሱዙ ተጭነው መጡ። ከስተዋል፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ውርጌሳ የደረሱ ዕለት ቤተሰቡን ይዘው ወደ ደሴ ወጥተው ነበር። ሲመለሱ ውርጌሳ ቤተሰቡ ያረፈበት ቤት ጣሪያው ወርዶ፣ ግድግዳው ፈርሶ አገኙት። የባለቤታቸው አጎት ግን ቤቴን አልለቅም ብለው ቀርተው እዚያው ሞተዋል። ባለቤታቸው ይህን ስትነግረኝ እጄን ይዛ ነው ያለቀሰችው፤ አብሬያት አለቀስኩ።

ማታውን ሁላችንም ግቢው ውስጥ ስንቀመጥ ሲከነክነኝ የሰነበተውን ለሐጂ አነሳሁላቸው።

"የመንግሥት ሰዎች ያንን ጣውላ ማን ሠራላቸው ብለው ቢጠይቁንስ?"

"እኛ ነን እንላለን" አሉ። "ተገደን ነው፤ ያየሽውንም እንነግራቸዋለን።"

እስካሁን የጠየቀን የለም። እኔ ግን የማላውቀው ሰው ግቢ በገባ ቁጥር፣ ሊጠይቀኝ የመጣ እየመሰለኝ መልሴን በልቤ አዘጋጃለሁ።